የወረንጦ ጎጆና የመንደሩ ሽበት

በዚያ መንደር ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት፣ ነገር ግን ገብቼባት አውቃለሁ የሚል አንድም ሰው የማይገኝላት ቤት ነበረች። ይህችውም ከአንድ አናጢ ግቢ ጓሮ፣ ከሮማን ዛፍ ሥር የቆመች የጣውላ ጎጆ ናት። በውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ ግድግዳ የሚያህል መስታወትና የፎጣ መደርደሪያ ብቻ ቢኖርም፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሊያልፉባት አይችሉም ነበር። ጣሪያዋ ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ በመጣ ቁጥር በውስጧ ያሉትን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲነጋገሩ ያስገድዳል። ይህም ከጎጆዋ ክብር ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ጠባይ ነበር፤ በውስጧ የሚነገረው ሁሉ በሹክሹክታ ይነገር ዘንድ ግድ ነበርና።

አናጢው ጎጆዋን የሠራት ለመጋዙና ለመላጊያው ማስቀመጫ ብሎ ነበር። የመጨረሻውን ቆርቆሮ በመታበት ቀን ሚስቱ ገባችና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ መስታወት የት ቢሰቀል በሰው ፊት ላይ ጥላ እንደማይጥል ስትመረምር ቆየች። ወጥታም፣ «መሣሪያህን ደጅ አድርገው፤ ሸራ እሰጥሃለሁ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አናጢው በሸራ ሥር ይሠራል። ስለ ነገሩ የሚጠይቀው ሰው ሲገኝ፣ «ከሠራው ቤት ሚስቱ ያስወጣችው ባል እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም» ይላል። «በሩን በራሱ እጅ ያጠበቀላት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ይህችን ሴት መንደሩ «ወረንጦ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቅንድብ ስትለቅም ወረንጦዋ ከጣቷ ጋር አብሮ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ መፍጠኗ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምላሷ ነው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ አንድ ጊዜ ከያዘም የማይለቅ።

ረጅም ዘመን በከተማው መካከል ባለ ትልቅ የውበት ሳሎን ቆማ ሠርታለች። የሳሎኑ ባለቤት አንድ ቀን ወደ ቢሮው አስጠራትና ደንበኞች ወጣት ሠራተኛ ማየት እንደሚወዱ፣ ይህም የዘመኑ ፍላጎት እንጂ የእርሱ ክፋት እንዳልሆነ በትሕትና አስረድቶ አሰናበታት። ጋውኗን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና፣ «እኔ ደግሞ ደንበኛ የሚመጣው የራሱን ፊት ሊያይ ነው ብዬ ነበር» ብላው ወጣች። መልሱ ያማረ ነበር። ያማረ መልስ ግን ሥራ አይሆንምና፣ ብዙ ወራት የባሏን ካልሲ እየጠቀመች ከቤቷ ተቀመጠች። ስለዚህ ያቺ ጎጆ ለእሷ መተዳደሪያ ብቻ አልነበረችም። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉ በራሷ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ክፍል፣ ማንም አስጠርቶ የማያሰናብትባት ብቸኛ ሥፍራ ነበረች።

የመንደሩ ሰዎች በተፈጥሮ ውበታቸው ይታወቁ ነበር፤ ቢያንስ እነሱ እንደዚያ ይሉ ነበር። የእያንዳንዷ ሴት ቅንድብ በአባቷ በኩል የመጣ፣ የእያንዳንዷ ፀጉር የአያቷን የወረሰ፣ የእያንዳንዷ ፊት በውኃና በሳሙና ብቻ የጠራ ነው። የውበት ጎጆ መኖሯን ሁሉም ያምናል፤ ወደዚያ የሚሄዱት ግን ከሌላ ሰፈር የሚመጡ፣ ተፈጥሮ የበደለቻቸው ምስኪኖች ናቸው።

እንግዲህ ወረንጦ የሥራዋን ሥርዓት ያበጀችው ይህን ኩራት ላለመንካት ነበር። ጎጆዋ ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው ወደ ኋላ ወዳለው ቀጭን መንገድ። በአንዱ የምትገባው በሌላው ከምትወጣው ጋር አትገናኝም። ይሁንና ወደ አናጢ ግቢ ባዶ እጅ መግባት ያስጠረጥራልና፣ እያንዳንዷ ደንበኛ የሚጠገን ወንበር ይዛ ትመጣለች። አናጢው ወንበሩን ተቀብሎ ከሸራው ሥር ያስቀምጠዋል፤ ሚስቱ ውስጥ ሆና ስትሠራ እሱ ደጅ ሆኖ፣ ለመንገደኛ ጆሮ ያህል፣ አልፎ አልፎ በመዶሻ ጣውላ ይመታል። ደንበኛዋ አምራ ስትወጣ ወንበሩ እንደ መጣ ይመለሳል። በዚያ መንደር ወንበር እንዲህ መሰበሩን የሚታዘብ እንግዳ ቢኖር፣ ሰዎቹ የሚቀመጡት እየዘለሉ ነው ብሎ ባሰበ ነበር።

ወንዶችም ይመጣሉ። የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆኑት ሻለቃ፣ በመንደሩ የተከበረውን ጥቁር ጢማቸውን ተሸክመው፣ አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ በብብታቸው ይዘው በየጊዜው ብቅ ይላሉ። ጢማቸው ከጥቁርነቱ የተነሣ ፊታቸው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ወረንጦ ቀለሙን ስትቀባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ያላዩትን ነገር እንዳልሠሩት ይቆጥሩታልና።

አሁን በአጥሩ ማዶ ወዳሉት ሰው እንሻገር። ዕድሜ ልካቸውን በመድኃኒት ቤት የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ሐኪም ሆነው አያውቁም፤ መንደሩ ግን «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰውን ማረም ነውር ይመስላቸዋልና ዝም ብለው ይቀበሉታል። በብዙ ነገር ይኮራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን በባለቤታቸው ፀጉር። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እኛ ቤት ሽበት አይገባም» ይላሉ፤ «የምንበላውን እናውቃለን።» የእሳቸው የራሳቸው ፀጉር ከጆሯቸው በላይ ሸሽቶ ያለቀ በመሆኑ ሽበት ይግባበት አይግባበት የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ፈገግ ይላሉ።

የዶክተሩ ባለቤት የወረንጦ ጎጆ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነበሩ። አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር አለቻቸው። ዶክተሩም፣ «ይህች ወንበር ምን ዓይነት በሽታ ነው የያዛት?» እያሉ ይገረማሉ፤ «አናጢው ሰነፍ ነው፤ ሌላ ፈልጊ» ሲሏቸው ባለቤታቸው፣ «ጎረቤት ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላሉ።

መከራው የመጣው በጠረን በኩል ነበር። የጎጆዋ መስኮት ወደ ዶክተሩ በረንዳ ይከፈታል። ዶክተሩ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኮመጥጥና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣባቸዋል። እኚህ ሰው በመሀረብ አፍንጫቸውን ይዘው የሚያማርሩት ሽታ፣ በእንግዳ ፊት የሚኮሩበት የዚያው ፀጉር ሽታ ነበር። ይህን ግን ከሁለት ሴቶችና ከአንድ አናጢ በቀር የሚያውቅ የለም።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ዶክተሩ ተነሡ።

«ኬሚካል ነው» አሉ። «እኔ የሚሸተኝን የማውቅ ሰው ነኝ። በመኖሪያ መካከል፣ ያለ በቂ አየር፣ በጣውላ ጎጆ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይበጠበጣል። ደግሞስ ለማን ነው? ከመሃላችን ወደዚያ የሚሄድ አለ?»

ሻለቃው ጢማቸውን ሊነኩ እጃቸውን አንሥተው፣ መንገድ ላይ አሳብ ቀየሩና ጆሯቸውን አከኩ። «ስለ ጎጆዋ የሚናገር አለ?» ብለው ጠየቁ።

የዳቦ ቤቷ እመቤት ጣሪያውን ተመለከተች። መምህርቷ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የጠፋ ነገር መፈለግ ጀመረች። የሚናገር ሰው ቢገኝ፣ «አንቺስ በምን አወቅሽ?» መባሉ የማይቀር ነውና፣ ጎጆዋ ያሳመረቻቸው አፎች ሁሉ ተዘጉ። ወረንጦ ከኋላ ተቀምጣ የሠራቻቸውን ቅንድቦች አንድ በአንድ አየች። እንዲህ ያማረ ዝምታ አይታ አታውቅም።

ከዚያም እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ጎጆዋ ተቆልፋ እንድትቆይ፣ በዚያን ጊዜም ለዘለቄታው ትዘጋ ወይም አትዘጋ በድምፅ እንዲወሰን ሻለቃው ሐሳብ አቀረቡ። እጆች ሁሉ ወጡ፤ የጥፍሮቹን ቀለም ወረንጦ ለይታ ታውቀዋለች።

ማታ አናጢው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አስተያየት ሰጠ።

«ሁለት ስም ብቻ ጥሪ» አላት። «ሻለቃውን አንድ፣ የዶክተሩን ሚስት ሁለት በይ። ነገሩ አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጎጆሽ ትቀርልሻለች።»

«ጎጆዋስ ትቀርልኛለች፤ ማን ይገባባታል? የአንተን ቅንድብ እየለቀምኩ ልኑር?»

«የእኔ ቅንድብ ምን ሆነ?»

«ተወው፤ ዛሬ ሐዘን ላይ ነኝ።»

አናጢው በመስኮቱ መስታወት ቅንድቡን አየት አደረገና ሄዶ ተኛ።

ወረንጦ ጎጆዋን በራሷ እጅ ቆለፈች። ቁልፏን ግን ከአንገቷ አላወረደችም። ቁልፉን ስታዞር ግማሽ ልቧ በፍርሃት ተሞልቶ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ልቧ ግን፣ ይህን መካድ አይገባም፣ አንዳች ተንኮል እየሸተተው ነበር። ሕግ ማክበር እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው የዳቦ ቤቷ እመቤት ነበረች። በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አሳየች።

«እትዬ፣ እንደው በዚህችው በቀዳዳዋ በኩል እንኳን ቢሆን።»

«ምኑን?»

«ከከንፈሬ በላይ ያለውን ፀጉር ነዋ። ላይ ላዩን።»

«ማኅበሩ ወስኗል። አንቺም እጅሽን አውጥተሻል።»

«ሁሉም ሲያወጣ እኮ ነው ያወጣሁት።»

«እንግዲያው አሁንም ሁሉም ሲያወጣ አብረሽ ታወጫለሽ» አለችና ወረንጦ የሮማኑን ቅጠል መጥረግ ቀጠለች።

ቀጥሎም ሻለቃው በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ጎጆዋን እንዳላዩ ሆነው በቀጥታ ወደ ሸራው አመሩ።

«እግሯ ይነቃነቃል» አሉት አናጢውን።

«ጎጆዋ ተቆልፋለች፣ ሻለቃ።»

«ስለ ጎጆ ማን ጠየቀህ? በርጩማ ነው ያልኩህ።»

አናጢው በርጩማዋን ገለበጣት፣ እግሮቿን አንድ በአንድ ነቀነቃት፣ ተቀመጠባት፣ ተነሣ። «ሻለቃ» አላቸው፣ «ይህች በርጩማ ሁለታችንንም ትቀብረናለች። ይዘዋት ይሂዱ።»

ሻለቃው ለመሄድ ዘገዩ። «መቼም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዳንድ ቁሳቁስ ቤት ድረስ ይዞ መሄድን ውሳኔው አይከለክልም።»

ወረንጦ ከመስኮት ሰማቻቸው። «የውሳኔውን መንፈስ ማክበር ይገባናል፣ ሻለቃ» አለች። ይህ ቃል እሳቸው ራሳቸው በስብሰባው መዝጊያ የተናገሩት ቃል ነበርና በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ተፈጥሮ ወደ መንደሩ ተመለሰች። አመጣጧም ቀስ እያለ ነበር። መጀመሪያ የመምህርቷ ቅንድቦች፣ ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች እንደሚፈላለጉ፣ አንዱ ወደ አንዱ መጓዝ ጀመሩ፤ ከአፍንጫዋ በላይ ሲገናኙም እሷ ሰፊ መነጽር ገዛች። የዳቦ ቤቷ እመቤት ከደንበኞቿ ጋር በእጇ አፏን ሸፍና መነጋገር ስለ ጀመረች ዳቦ ፈላጊው ሁሉ ጥርሷን አሟታል ብሎ አዘነላት። የሻለቃው ጢም ከሥሩ ነጭ፣ ከጫፉ ጥቁር ሆኖ፣ በወተት ብርጭቆ ውስጥ የተነከረ ብሩሽ መሰለ። በየቤቱ መሐረብ፣ ኮፍያና ሻሽ ከየሣጥኑ ወጣ። ወንበሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጤነኞች ሆኑ፤ አናጢውም የሚመታው ነገር ቢያጣ በርጋታ አንድ ቁም ሣጥን መሥራት ጀመረ።

ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ መሬት መሬት እያዩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ሰው የተገለጠው የራሱ ገመና ብቻ መስሎት ይጨነቃል፤ በሌላው ፊት ያለውን ለማየት ደግሞ ቀና ማለት ያስፈልጋልና ማንም አያይም።

ከሁሉ የከፋው ነገር የደረሰው በዶክተሩ ቤት ነው። ባለቤታቸው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ብዙ ቀን ቢቋቋሙም፣ አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሻሹ ሳይታሰር ደረሱ። ከባለቤታቸው ግንባር ጀምሮ ነጭ መስመር፣ ልክ አዲስ እንደ ተቀደደ መንገድ፣ በፀጉራቸው መካከል ተዘርግቷል። ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የባለቤታቸውን የደም ግፊት ለኩ፣ ምላሳቸውን አዩ፣ ዓይናቸውን በባትሪ መረመሩ፣ ቫይታሚን አዘዙ። ባለቤታቸው እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቴርሞሜትር ተሰጣቸው። ቀኑ ከመምሸቱ በፊት ዶክተሩ ምክንያቱን አገኙት፤ ለዓመታት ከአጥር ማዶ የተጠራቀመው የኬሚካል ትነት ነው።

የዶክተሩ ባለቤት በኋላ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ መጥተው የጎጆዋን በር አንኳኩ። ወረንጦ በሩን ሳትከፍት በዚያ በኩል ዞራ መጣችና ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ቆሙ።

«መርዝ ነው እያለ ነው» አሉ የዶክተሩ ባለቤት። «ፀጉሬን ለስብሰባው ማስረጃ ሊያደርገው ነው። ሚስቴን መርዘሽብኛል ሊልሽ ነው።»

ወረንጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ጠፋ። ጎጆዋ በጠረን ምክንያት ብትዘጋ ሌላ ሥፍራ ሌላ ጎጆ ይገኝ ይሆናል፤ ሰው መርዛለች የተባለች ሴት ግን ወረንጦዋን ይዛ የትም ብትሄድ ፊቱን የሚሰጣት አይኖርም።

«ምን ልበለው?» አሉ ሴትዮዋ። «ስንት ዘመን ሙሉ በእንግዳ ፊት ሲያወራው ዝም ብዬ ሰምቼ፣ አሁን ምን ልበለው?»

«እኔ አላውቅም፣ እትዬ። የእኔ ሥራ መሸፈን ነው፤ መግለጥ አልተማርኩም።»

«አንቺ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም።»

«ቢዘጉብሽስ?»

«ቢዘጉብኝም። እኔ ወንበሩ ላይ የተቀመጠን ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

የዶክተሩ ባለቤት ሻሻቸውን አጥብቀው ሄዱ። ወረንጦም እዚያው ቆማ፣ ያን ያህል ቆንጆ ቃል የተናገረችበትን ምላሷን ነከሰችው፤ ምክንያቱም ያማሩ መልሶቿ ምን እንደሚያስከፍሏት ታውቅ ነበርና።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። አዳራሹ የሻሽ፣ የኮፍያና የመነጽር መጋዘን መሰለ። ሻለቃው የሚያነቡት ነገር ሳይኖር አንድ ወረቀት ከአፍንጫቸው ሥር ዘርግተው ስብሰባውን ከፈቱ። ስብሰባ ሰዎችን ፊት ለፊት የሚያስተያይ በመሆኑ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ለማየት ቀና ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት አንዱ የሌላውን ፊት አየ። መምህርቷ የዳቦ ቤቷን እመቤት አየች፤ የዳቦ ቤቷ እመቤት መምህርቷን አየች። ሁለቱም ሻለቃውን አዩ። ከአንዱ ወንበር ረድፍ ወደ ሌላው አንዳች ነገር፣ እንደ ሳል ያለ፣ ሲተላለፍ ተሰማ።

ዶክተሩ ግን ይህን የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። በእውነት ተጨንቀው ነበር።

«እኔ የመጣሁት ስለ ሽታ ልናገር አይደለም» አሉ። «ባለቤቴ እስካለፈው ወር ድረስ አንዲት ነጭ ፀጉር አልነበረባትም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን እዩ። ለዓመታት የሳበችው ትነት ነው። ይህች ሴት ባለቤቴን መርዛብኛለች።»

ባለቤታቸውንም ሻሻቸውን እንዲያወልቁ በእጃቸው ለመኑ። የዶክተሩ ባለቤት ቆሙና ሻሹን ፈቱት። ነጩ መስመር በአዳራሹ መብራት አበራ።

ሻለቃው ወረቀታቸውን ሳያወርዱ፣ «የጎጆዋ ባለቤት መልስ አላት?» አሉ።

ወረንጦ ተነሣች። ከኋላ ሆና የምታየው ሁሉ የእጇ ሥራ፣ ያውም ሥራዋ የፈረሰበት ነበር። አንድ ስም ብትጠራ፣ አንድ ጣት ብትቀስር፣ መሐረቡ ሁሉ ይወርድ ነበር። የአናጢው ክርን ጎኗን ነካት።

«መልስ የለኝም» አለችና ተቀመጠች።

ሻለቃው ወደ ድምፅ አሰጣጡ ሊያልፉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ የዶክተሩ ባለቤት አሁንም እንደ ቆሙ ነበሩ።

«አንተ ተቀመጥ» አሏቸው ባላቸውን በለሰለሰ ድምፅ።

ዶክተሩ ከመገረም የተነሣ ተቀመጡ።

«ይህ ሽበት የአንድ ወር ሽበት አይደለም። ልጃችንን ከዳርንበት ዘመን ጀምሮ አለ። እሷ አላመጣችውም፤ እሷ የሸፈነችልኝ ናት። ያ ይሸተኛል የምትለው ሽታ የእኔ ፀጉር ሽታ ነው።»

ዶክተሩ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያም፣ ከሁሉ ነገር መካከል መርጠው፣ «ወንበሯስ?» ብለው ጠየቁ።

«ወንበሯ አንድም ቀን ታማ አታውቅም።»

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አቃተው። የዳቦ ቤቷ እመቤት ከዚህ በላይ መታገሥ ያልቻለች ይመስል እጇን ከአፏ ላይ አነሣችና፣ «እንግዲህ የእኔም ወንበር ጤነኛ ነው» አለች። መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች፤ የተገናኙት ቅንድቦቿ ከእሷ በፊት ተናገሩ። ሻሽ ከሻሽ ላይ ወደቀ። አንዲት አሮጊት፣ «እኔ ግን በእውነት ወንበሬ ተሰብሮ ነበር የምሄደው፤ አናጢው ሳይጠግን ነው ሲመልስልኝ የኖረው» ስትል አናጢው አንገቱን በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀበረ።

ሻለቃው ሥርዓት ለማስከበር ጠረጴዛውን መቱ። ሲመቱ ወረቀቱ ወደቀ።

አዳራሹ ሁሉ ጢሙን አየ።

«ለቃለ ጉባኤው ግልጽ ይሆን ዘንድ» አሉ ሻለቃው፣ «እኔ በርጩማ ብቻ ነው የማስጠግነው።»

ማንም አልተቃወማቸውም፤ አንዳንድ ክብር ከእውነት በላይ መሆኑን መንደሩ ያውቃልና። ጎጆዋ ትከፈት የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ እጆች ወጡ፤ ከእጆቹ ሁሉ ቀድሞ የወጣውም የሻለቃው ነበር። ዶክተሩ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ቆዩ። በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ወደ በረንዳቸው የሚከፈተው መስኮት በሥራ ሰዓት እንዲዘጋ ጠየቁ። ይህም በሙሉ ድምፅ ተፈቀደላቸው።

በማግስቱ ሴቶቹ በፊት ለፊቱ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ እጃቸውን መጡ። ከሸራው ሥር ተደርድረው እየተሳሳቁ ተራ ጠበቁ። አናጢው፣ «ድሮ ቢያንስ በሹክሹክታ ነበር» እያለ ቁም ሣጥኑን ወደ ሮማኑ ጥግ ገፋው። ወረንጦም ቀኑን ሙሉ ለቀመች፣ ቀባች፣ አጠበች፤ ምሥጢር የሌለበት ሥራ ግን ጥቂት ጨው የጎደለው መሰላት። የሚነግሯትን ሁሉ ደጅ ሆነው አስቀድመው ለሁሉ ይነግሩት ነበርና፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የሚቀራቸው ወሬ አልነበረም።

የዶክተሩ ባለቤት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ገቡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን ፈቱ። ወረንጦ ጎድጓዳ ሳሕኗንና ብሩሿን አነሣች።

«ቀለሙን ልበጥብጥ፣ እትዬ?»

«ተይው።»

የወረንጦ እጅ በአየር ላይ ቆመ። ጎጆዋን ያተረፈላት ፀጉር፣ ከሁሉ አስቀድማ የያዘችውና እንደ ራሷ ፀጉር የምታውቀው ፀጉር፣ ከእጇ ሊወጣ መሆኑ ገባት።

«ተቆጡ እንዴ ዶክተር?»

«መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ዝም አለ፤ ዝም ሲል ነው የፈራሁት። ትናንት ከራት በኋላ መብራቱን ወደ እኔ አዞረና ፀጉሬን ሲያይ ቆየ። 'እኔ እኮ' አለኝ፣ 'ብቻዬን የማረጅ ይመስለኝ ነበር። አንቺን እዚያው ትቼሽ የምሄድ እየመሰለኝ እፈራ ነበር' አለኝ።»

ወረንጦ ሳሕኑን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ብሩሹን ደረቅ ሆኖ ሳለ አጠበችው።

«እንግዲያው ምን ልሥራልዎ?» አለች በመጨረሻ።

የዶክተሩ ባለቤት ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ፊታቸውን አዩ፤ ከዚያም ወደ በሩ ዞር ብለው ከደጅ ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ።

«ቅንድቡን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስለ እሱ አልነገርኩትም።»

«እንዴት?»

«የአባቴ ቅንድብ ነው ብዬዋለሁ። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ስንቱን ይቻለው?»

ወረንጦ ሄዳ፣ ማኅበሩ በወሰነው መሠረት፣ ወደ ዶክተሩ በረንዳ የሚከፈተውን መስኮት ዘጋች። መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትሻ ተመለሰችና የሴትዮዋን አገጭ በጣቷ ቀና አደረገችው።